አእምሮስ ምን በላ?

ነገሩ የተጀመረው እንደ አብዛኛው የግቢያችን ክርክር በካፌ ነው። ባለፈው ክረምት ለበጎ ፈቃድ ትምህርት ወደየወረዳችን ሄደን ከተመለስን በኋላ፣ አንድ ማታ ሽሮአችንን ከበን ስናወጋ ከመካከላችን አንዱ ያስተማረውን ልጅ አነሣ። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ገና ሦስተኛ ክፍል። ዛሬ የለየውን ፊደል ነገ አያውቀውም። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ለፋሁበት፤ ዝም ብሎ ያየኛል። በቃ፣ ዶማ ነው!» አለ ጓደኛችን። ሳቅን። ከጠረጴዛው ጫፍ የነበረችው የባዮሎጂ ተማሪ ግን አልሳቀችም። «ዶማ ከማለትህ በፊት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ምን ይበላ እንደነበር ጠይቀሃል?» አለችው። «እኔ የሄድኩት ፊደል ላስቆጥር እንጂ እንጀራ ልቆጥር ነው እንዴ?» ብሎ መለሰላት። አሁንም ሳቅን፤ የሁለተኛው ሳቅ ግን ከጉሮሮ አላለፈም።

ክርክሩ ሦስት ማታ ዘለቀ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ቅጥያ ነው። ጥያቄው ለሥነ ምግብ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይመስለንም። ሰውን «ሰነፍ» ብለን የምንወቅሰው፣ «ጎበዝ» ብለን የምናጨበጭብለት በምን ሚዛን መዝነን ነው? የምናስብበት መሣሪያ ራሱ ከእህል የሚሠራ ከሆነ፣ እህሉን ያላገኘ ሰው ስለ መሣሪያው መጉደል ሊጠየቅ ይገባዋልን? እሱ ካልተጠየቀስ ማን ይጠየቅ?

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። አንደኛ ደረጃ ሳለን «ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ» እያልን ምግብን በሦስት ስንከፍል፣ ገንቢው የሚገነባው ክንድና ቁመት ብቻ ይመስለን ነበር። አንጎልም ግንባታ ነው። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት በር ፕሮቲን ነው፤ መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን ነው፤ መልእክቱን የሚያዘጋጀው ኤንዛይም ፕሮቲን ነው። በነርቩ ላይ እንደ ሽቦ ልባስ የሚጠቀለለው ማይሊንም ያለ ፕሮቲን አይቆምም። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት ከ20 አሚኖ አሲዶች ሲሆን፣ ከነሱ ውስጥ 9ኙን ሰውነታችን ከቶ ሊሠራቸው አይችልም። በአፍ ካልገቡ የሉም። ከዘጠኙ አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል፤ እንቅልፋችንንና ስሜታችንን የሚገዛው ሴሮቶኒን የሚሠራው ከእሱ ነው። እንግዲህ ከምስርና ከወተት እስከ ስሜትና ሐሳብ ድረስ ያለው መንገድ ከምንገምተው በላይ አጭር ነው።

ትዝታም ቢሆን ከዚህ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በርናርድ አግራኖፍ የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በወርቃማ ዓሣዎች ላይ አንድ ሙከራ አደረጉ። ዓሣው መብራት ሲበራ በገንዳው መካከል ያለውን ግድብ ዘሎ ካልተሻገረ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንደሚያገኘው ይማራል። ትምህርቱ እንዳለቀ ወዲያውኑ ፕሮቲን መሥራትን የሚያግድ መድኃኒት በአንጎሉ ሲወጋ፣ ዓሣው በዚያው ሰዓት የተማረውን ያውቃል፤ ከቀናት በኋላ ግን ረስቶታል። መድኃኒቱ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከተሰጠው ግን አይረሳም። ለጥቂት ደቂቃ ማወቅና ለዘለቄታው ማወቅ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ፕሮቲን ይፈልጋል። የባዮሎጂዋ ጓደኛችን ይህን ስትነግረን ሁላችንም ያ ፊደሉ በማግሥቱ የሚጠፋበት ልጅ ትዝ አለን። ሆኖም ልጁ ዓሣ አይደለም፤ መድኃኒትም አልተወጋም። የእሱ መርሳት ከዚህ የመጣ ነው ብለን አንፈርድም። የተረዳነው አንድ ነገር ነው፤ መማር ሥጋዊ ሥራ ነው፣ ዕቃ ይፈልጋል።

ዕቃው ሲጎድል ሰውነት እንደ ብልህ እመቤት ያደርጋል። ጡንቻውን ይመነዝራል፣ ጉበቱን ያሳንሳል፣ ቁመቱን ያቆማል፤ አንጎልን ግን እስከ መጨረሻው ለማዳን ይታገላል። ለዚህ ነው ትልቅ ሰው ለሳምንታት ቢራብ ከስቶ፣ ደክሞ ስሙን ሳይረሳ የሚተርፈው። ለሕፃኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሕፃን አንጎል ሁለት ዓመት እስኪሞላው ከአዋቂው መጠን ከመቶ ሰማንያ ያህሉን ይደርሳል። ያለቀ ቤት ጠግኖ ማቆየትና መሠረቱ እየተጣለ ያለውን ቤት ያለ ድንጋይ መሥራት አንድ አይደለም። ማይረን ዊኒክና ኖብል እ.ኤ.አ. በ1966 በአይጦች ላይ ያገኙት ይህንኑ ነው። ሕዋሳት በሚባዙበት በመጀመሪያው ጊዜ የተራበች አይጥ በኋላ ጠግባ ብትበላም የሕዋሶቿ ቁጥር አይመለስም፤ ዘግይቶ የራባት ግን ሕዋሶቿ ቢኮሰምኑም ስትጠግብ ያገግማሉ። ዊኒክ ከፔድሮ ሮሶ ጋር ሆነው በ1969 በቺሊ በምግብ እጦት የሞቱ ሕፃናትን አንጎል ሲመረምሩም የሕዋሱ ብዛት ጎድሎ አገኙት። ረሃብ የቀን መቁጠሪያ ያውቃል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፕሮቲንን ብቻ ጣዖት እንዳናደርግ። ኃይል ሰጪው ምግብ ሲጎድል ገንቢውም ይነድዳል፤ ማገዶ ያለቀበት ሰው የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ እንደሚያነደው ማለት ነው። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ወዲህ ሊቃውንቱ ጥፋቱን ሁሉ በፕሮቲን ማሳበብ ትተዋል፤ የብረት እጥረቱ፣ የአዮዲኑ፣ የማያቋርጠው ተቅማጥም አብረው ይቆጠራሉ። የእናቶቻችንም ወጥ ቤት ከዚህ እውቀት የራቀ አልነበረም። እህል በላይሲን ይደኸያል፣ ጥራጥሬ በላይሲን ይበለጽጋል፤ እንጀራ በሽሮ የሚባለው ድኻ የሚባል ምግብ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት ነው። ችግሩ የሕፃን ሆድ ጠባብ መሆኑ ነው። ትልቁ ሰው ትሪውን ከቦ የሚሞላውን ጉድለት፣ ሕፃኑ በቀጭን አጥሚት ሊሞላው አይችልም። በብዙ ቤትም ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ከልጁ አፍ በፊት ገበያ ይደርሳል፤ ጨውና ቡና መግዛት አለበትና። ይህን ስንል እናቲቱን ለመክሰስ አይደለም። ሁለት ክፉ ምርጫ ብቻ ያለውን ሰው «ለምን ደህናውን አልመረጥክም?» ማለት በደል ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንምጣ። አገራችን አንድ የቆየ አባባል አላት፦ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል።» ይህ አባባል ለድኻ ወላጅ መጽናኛ ነው፤ መጽናኛነቱን አንነጥቀውም። ዳሩ ግን መጽናኛው ሳይታወቀን ፍርድ ሆኗል። በዕድሉ ያደገው «ጎበዝ»፣ በዕድሉ ያላደገው «ዶማ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ በየታክሲው በየቡና ቤቱ የሰማነው አንድ ቃል ነበር፦ «ይኼ ትውልድ ሰነፍ ነው።» የውድቀቱ ምክንያት ምግብ ነው አንልም። የመምህሩ፣ የመጽሐፉ፣ የጦርነቱ፣ የወረርሽኙም ድርሻ አለበት። ግን «ሰነፍ» ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሌላ ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ቃሉን ያጥፍ ነበር ብለን እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 58ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በ2005 ከመቶው 51፣ በ2016 ከመቶው 38፣ በ2019 ከመቶው 37። ዛሬ በዚህ ግቢ ያለን አብዛኞቻችን የተወለድነው በ2005ቱ ጥናት አካባቢ ነው። ከእኩዮቻችን ከሁለት አንዱ ማለት ነው። እኛ እዚህ የተቀመጥነው ከዚያ ቀሪ ነን፤ አንዳንዶቻችንም ከተቆጠሩት ውስጥ ሆነን ይሆናል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ስለ ፍትሕ በጻፉት መጽሐፋቸው፣ ሰው ይዞት የሚወለደው ተሰጥዖ እንደ ዕጣ የደረሰው እንጂ ሠርቶ ያገኘው አይደለም ይላሉ፤ ስለዚህ «በተሰጥዖዬ የመጣው ሁሉ በመብቴ የኔ ነው» ለማለት ያስቸግራል። እኛ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ዕጣ የሚያወጣው ሰው የለም፤ ምግብ ግን የሚያከፋፍለው ሰው ነው። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ የየትኛው ወረዳ መንገድ እንደሚጠረግ፣ የየትኛው ገበሬ በሬ ለዕዳ እንደሚሸጥ የሚወስነው ሰው ነው። ስለዚህ በረሃብ የጎደለውን አእምሮ «ዕድል» ማለት የሰውን ሥራ በተፈጥሮ ስም መሸፈን ነው።

በሁለተኛው ማታ ሁለት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። አንዱን ያነሣው የሕግ ተማሪ ነው። «እንዲህ ካልን ማንም ሊወቀስ ነው እንዴ? ነገ እኔም ፈተና ስወድቅ እናቴ ምስር ስላልሰጠችኝ ነው እላለሁ!» አለ። ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ቁም ነገር ነው። መልሳችን ይህ ነው፤ ከሰው መጠየቅና በሰው ላይ መፍረድ ይለያያሉ። መምህር ከተማሪው ጥረት ይጠይቅ፤ አለመጠየቅ ራሱ ንቀት ነው። ነገር ግን ጥረቱ ፍሬ ባያፈራ «አንተ እንዲህ ነህ» ብሎ የሰውየውን ማንነት መፍረድ፣ ያላየነውን የመጀመሪያ ሺህ ቀኑን እንዳየን መቁጠር ነው። ከጽንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለው ያ ጊዜ ማንም የማያስታውሰው ነው፤ ባለቤቱ እንኳ ምስክር ሊሆንለት አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። ያቀረበው ድርቅ ደጋግሞ ከሚጎበኘው አካባቢ የመጣ ጓደኛችን ሲሆን በቁጣ ነው የተናገረው። «እስከ ዛሬ ሰነፍ ትሉን ነበር። አሁን ደግሞ በሳይንስ አስደግፋችሁ አንጎላችሁ ጎዶሎ ነው ልትሉን ነው?» አለ። ዝም አልን። እውነቱን ነው። «ዶማ» የሚለውን ስድብ «የተጎዳ» በሚል አዛኝ ቃል መተካት ስድቡን አያነሣውም፤ ነጭ ጋዋን ያለብሰዋል እንጂ። ለዚህ መልስ ያገኘነው በሰበብ አይደለም፤ በሰዎች ታሪክ ነው።

ከኮርያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የተወሰዱ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ክፉኛ ተርበው የነበሩ። ዊኒክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስታወቁት፣ ክፉኛ ተርበው የነበሩትም ትምህርት ቤት ገብተው ሲፈተኑ ከአሜሪካ አማካይ አላነሱም፤ ከልጅነታቸው በደህና የበሉት ግን አሁንም ጥቂት ይቀድሟቸው ነበር። ሁለቱንም እውነት አብረን እንያዝ፤ ጉዳቱ አለ፣ ፍርድ ግን አይደለም። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ደግሞ ሳሊ ግራንተም ማግሪጎርና ባልደረቦቻቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ሕፃናትን በአራት ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን በወተት የተሠራ ምግብ፣ ለአንዱ ጨዋታ፣ ለአንዱ ሁለቱንም ሰጡ፤ አራተኛው እንዳለ ቀረ። «ጨዋታ» ስንል አንዲት የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ሰዓት ወደ ቤቱ ትመጣለች፤ በእጅ የተሠራ መጫወቻ ይዛ ለእናትየው ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ እንደምታወራ ታሳያታለች። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው ውጤት ምግቡም ጨዋታውም ጠቀመ፤ ሁለቱን ያገኙት ከሁሉም በለጡ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2014 ሲታይ ጨዋታውን ያገኙት በደመወዝ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ያህል ይበልጡ ነበር። ወተቱን ብቻ ያገኙት ግን ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ አልታየባቸውም። አንጎል ዕቃ ብቻ ሳይሆን አናጢም ይሻል።

የጓቴማላው ታሪክ ደግሞ ሌላ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች፣ ለሁለቱ «አቶሌ» የሚባል ፕሮቲን ያለበት መጠጥ፣ ለሁለቱ «ፍሬስኮ» የሚባል ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ይሰጥ ነበር። ሕክምና ለአራቱም ነበራቸው። ልጆቹ አድገው ሲጠኑ፣ ከሁለት ዓመት በታች ሆነው አቶሌውን ያገኙት ወንዶች በሰዓት የሚያገኙት ክፍያ በ46 በመቶ ያህል ይበልጥ ነበር። ሴቶቹስ? በትምህርት ከአንድ ክፍል በላይ ገፍተዋል፤ ክፍያቸው ግን አልጨመረም። አንጎሏ ጠገበ፤ ገበያው ግን በር አልከፈተላትም። ምግብ ፍትሕን አይተካም ማለት ነው፤ ፍትሕም ያለ ምግብ አይጀመርም። የፍሬስኮ መንደሮችንም ሳናነሣ አናልፍም። ይህን እውቀት ያገኘነው አንዳንድ ልጆች ጣፋጭ ውሃ ሲጠጡ ተቆጥረው ነው። ከእነሱ የተበደርነውን እውቀት ሳንሠራበት መቀመጥ ሁለተኛ በደል ነው።

መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። ቃሉ ትልቅ ነው። ነገር ግን ለድልድይና ለግድብ «ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ» ይባላል፤ ለሕፃን አንጎል ከርሞ የሚባል የለም። ለትልቅ ሰው የዘገየ ርዳታ የዘገየ ርዳታ ነው፤ ለስምንት ወር ልጅ የዘገየ ርዳታ ለሌላ ልጅ የተሰጠ ርዳታ ነው።

በሦስተኛው ማታ፣ ክርክሩ ያለቀ ሲመስለን፣ «ዶማ ነው» ያለው ጓደኛችን ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ተናገረ። የባዮሎጂዋ ተማሪ ስለ ኩዋሺዮርኮር ነግራን ነበር። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ስም ነው፤ በጋ ሕዝብ ቋንቋ፣ ታናሹ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተነሣውን ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ልጁ ስለሚያብጥ የወፈረ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ሳይሆን ከአንዲት የአክራ እናት አፍ የወጣ ስም ነው፤ እናቶች ያውቁት ነበር። እኛም እኮ «ታናሹ ጡት አስጣለው» እንላለን።

«እኔ ወንድም አለኝ፤» አለ ጓደኛችን። «በዓመት ከሦስት ወር ነው የሚበልጠኝ። እኔ ስወለድ ጡት ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ክፉ ዓመት ነበር ይላሉ። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ተወው። ቤት ውስጥ እሱ ዶማው፣ እኔ ጎበዙ ነን። አሁን የቀን ሥራ ይሠራል። ለሃንድአውት የማወጣውን ብር በየወሩ የሚልክልኝ እሱ ነው።» ትንሽ ቆየና፦ «ልጠይቃችሁ፤ ከኔ ዲግሪ ስንት እጁ የሱ ነው?» አለን።

ማንም አልመለሰለትም። የጡቱ ይሁን፣ የክፉው ዓመት፣ የመምህሩ ወይም የሌላ፣ በአንድ ሰው ላይ ነጥሎ ሊፈርድ የሚችል ሳይንስ የለም። ጥያቄው ግን መልስ የሚሻው ከሳይንስ አይደለም። በበኩላችን የደረስንበት ይህ ነው። ውጤታችን ልፋታችን አይደለም አንልም፤ ለፍተናል። ነገር ግን የለፋንበትን መሣሪያ የሠራነው እኛ አይደለንም። ሌላው እጅ ሰጥቶን ነው፤ አንዳንዴም ከራሱ አፍ ቀንሶ። እንዲህ ከሆነ ለተራበው ልጅ የምናደርገው ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ችሮታ ሲመቸን የምንሰጠው ነው፤ ዕዳ ቀን አለው።

ከዚህ ትልቅ ወሬ በኋላ ትንሽ ነገር ብንናገር አንነወርም። በሚመጣው ክረምት ስንሄድ «ዶማ» የሚለውን ቃል እዚሁ ግቢ ጥለነው እንሂድ። ፊደል ከምናስቆጥረው ልጅ ጀርባ በእናቱ ታዝሎ ያለውን ታናሹንም እንየው፤ ገንፎው ላይ ሽሮ ዱቄት ወይም እንቁላል ሊጨመርለት ይችል እንደሆነ፣ ካልቻለም ለምን እንዳልቻለ እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ለሚመለከተው አካል እናሰማ። በሳምንት አንድ ሰዓት ከሕፃን ጋር መጫወት ዲግሪ አይጠይቅም።

ጓደኛችን ወደዚያው ወረዳ ለመመለስ ተመዝግቧል። ልጁን እንደገና ላስተምረው ብሏል። ወንድሙን ግን ምን እንደሚለው ገና አላወቀም። ለጥያቄው መልስ ያላችሁ እናንተ አንባብያን ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን፤ እኛ ሦስት ማታ አምሽተን አልጨረስነውም።